ፊት የተገኘለት ጠላት

ማርቫ ስቲዳም በዚያ ማክሰኞ የምትፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሁለት አላለችም። በኮምፒውተር ጨዋታው ልቡ ተሰርቆ ውትድርና የገባ አንድ ሰው፣ ቢያነክስም ቢንተባተብም፣ ከዋሽንግተን በሚመጡ ሁለት የተከበሩ የምክር ቤት አባላት ፊት ቆሞ «እኔን ወታደር ያደረገኝ ይሄ ጨዋታ ነው» ይበልላት እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። ካላለላት ግን በሰሜን አላባማ፣ በጥርስ ሐኪሙና በጎማ መሸጫው መካከል የተሸጎጠው መሥሪያ ቤቷ ይዘጋል፤ እሷን ጨምሮ ስምንት ሰው ከነቤተሰቡ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣቱ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተጥዶ እንደሚውል ለጦሩ ሲነገረው «እንግዲያው እዚያው እንጠብቀዋለና» አለና «ግንባር ቀደም» የሚባል የጦርነት ጨዋታ ከግብር ከፋዩ ኪስ በማርቫ መሥሪያ ቤት አሠራ። በነጻ ይታደላል። ወጣቱ ይጫወታል፣ ይወደዋል፣ ከዚያ ወደ መልማዩ ቢሮ ሮጦ ይፈርማል፤ ሐሳቡ ይሄ ነበር። መጫወቱንስ ተጫወቱት። ተማሪው፣ ፖስታ አመላላሹ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪው ሳይቀር ሥራ ፈቶ ተጫወተው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ፈረመ የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀም፤ የመንግሥት ገንዘብ ደግሞ ካልጠየቁት በራሱ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ሠላሳ ሚሊዮን ዶላር ካለቀ በኋላ ነው ከዋሽንግተን ስልክ የተደወለው።

«ስንት ሰው ተመለመለበት?»

«ብዙ» አለች ማርቫ።

«ስንት?»

«በጣም ብዙ።»

«እንግዲያው መጥተን አንዱን እናየዋለን» ተባለችና ቀን ተቆረጠላት።

ማርቫ ሃምሳን የተሻገረች፣ ጠጉሯ ቀይና ጥቅልል፣ መነጽሯ በገመድ ደረቷ ላይ የሚንጠለጠል ሴት ናት። አንድ አመል አለባት፦ ስትፈራ ትስቃለች። አንድ ዓመት አውሎ ነፋስ የቤቷን ጣሪያ ገንጥሎ ሲወስደው ጎረቤቶቿ ደርሰው ያገኟት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተጋድማ ስትንከተከት ነው። በዚያ ማክሰኞም ከጠዋት ጀምሮ ያለ ምክንያት ትስቅ ስለነበር ባልደረቦቿ ነገሩ እንዳላማረ ገባቸው።

የከተማው መልማይ ሳጅን ዱፕሪ ግን ደረቱን ነፍቶ ነው የመጣው። ከኋላው ልብሱ ገና ከማሸጊያው የወጣ፣ ኬልቪን ኦዶም የሚባል ምልምል ተከትሎታል።

«ሚስ ማርቫ፣ አይጨነቁ» አለ ዱፕሪ። «ዕቃው እጄ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ነው የፈረመው።»

«አስጠንተኸዋል?»

«ምን ማስጠናት ያስፈልገዋል? እውነቱን ይናገራላ!»

ማርቫ እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረባት።

የተከበሩት ደረሱ። አቶ ሆሊስ ግራንተም በሩን ሞልተው የሚገቡ፣ ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባ፣ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናቸው ዲያቆን የሆኑ ሰው ናቸው። አቶ ካልቪን ፕሩየት ከተቃራኒው ፓርቲ፣ ቀጭን፣ ቢራቢሮ ከረቫት አሳሪ፣ ሳይናገሩ ሰውን ማናደድ የሚችሉ። ሁለቱ ለዓመታት በአንድ ኮሚቴ ተቀምጠው በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ የማርቫን ቢሮ በመዝጋት ግን ተስማምተዋል። ለወዳጅነታቸው መጀመሪያ ይህን መምረጣቸው የእሷ ዕድል ነው።

«ልጁ ይሄ ነው?» አሉ ግራንተም ገና ሳይቀመጡ። «ና እስቲ ልጄ፣ ውትድርና ለምን ገባህ?»

«ለጥርሴ ነው ጌታዬ» አለ ኬልቪን።

«ለምንህ?»

«ለጥርሴ። መንጋጋዎቼ በስብሰዋል። ጦሩ በነጻ ይነቅላል፣ በነጻ ይተክላል። እዚህ ጎረቤት ያለው ሐኪም የጠራብኝን ዋጋ ቢሰሙ እርስዎም ይዘምቱ ነበር።»

«ጨዋታውስ?» አሉ ፕሩየት፣ ፈገግ ብለው።

«የቱ ጨዋታ?»

ሳጅን ዱፕሪ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። «ዓይን አፋር ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ኮምፒውተር አለህ ልጄ?»

«እህቴ አላት ጌታዬ። አታስነካኝም።»

በዚህ ጊዜ የማርቫ ሳቅ መጣ። አፏን በሁለት እጇ ብትይዘው በአፍንጫዋ ወጣ። ግራንተም ገላመጧት፤ ፕሩየት ሰዓታቸውን አዩ። ቆብ ተነሣ፣ ቦርሳ ተዘጋ። ማርቫ በሩ ላይ ሄዳ ቆመች።

«ምሳ ሳትበሉ የት ትሄዳላችሁ?» አለች። በጭስ የበሰለው የአሳማ ጎድን ከነትሪው ቀርቧል፣ የሙዝ ፑዲንጉ አለ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ በበረዶ ቀዝቅዟል፤ በዚያ አገር ደግሞ የቀረበ ጎድን ጥሎ የሄደ ፖለቲከኛ ድጋሚ አይመረጥም። ተቀመጡ። ሁለት ሦስት አጥንት እንደጋጡ ማርቫ ሳቋን ውጣ ተናገረች።

«ዝጉት፣ ግድ የለም። ግን ሠላሳ ሚሊዮን አውጥታችሁ የገዛችሁትን ዕቃ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታዩት ልትጥሉት ነው? አንድ ዙር ተጫወቱና ከዚያ ዝጉት።»

«እኔ ዲያቆን ነኝ» አሉ ግራንተም። «ቁማርም ጨዋታም አልነካም።»

«ተዪያቸው፣ ፈርተው ነው» አሉ ፕሩየት ጣታቸውን እየላሱ።

«ማነው የፈራው?»

«የተከበሩት ባልደረባዬ።»

ግራንተም ኮታቸውን አውልቀው ለኬልቪን ወረወሩለት።

ጀርባ ለጀርባ አስቀመጧቸው፣ አንዱ የሌላውን ስክሪን እንዳያይ። የጨዋታውን ሥራ የሚያውቀው ኦቲስ ሌድቤተር፣ ሚስቱ ልትወልድ ቀኗ የደረሰ፣ ደግ ግን ወሬ በሆዱ መያዝ የማይችል ሰው፣ በመካከላቸው እየተመላለሰ አስተማራቸው። መጀመሪያ የግራንተም ወታደር ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ቀረ። የፕሩየት ወንዝ ውስጥ ገባ። ግራንተም ማንም ሳይነካቸው የራሳቸው ቦምብ እግራቸው ሥር ወደቀችባቸው፤ «ማነው ይሄን የወረወረው?» ብለው ጮሁ። ቆይቶ ግን እጃቸው ተፍታታ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ ቀረበት።

«አየሁት! አየሁት! ያ ጭምብላም ከድልድዩ ሥር አለ!» ግራንተም ነበሩ።

«እኔም አንዱን አግኝቼዋለሁ! አቤት ድንብርብሩ፣ ሲሮጥ እኮ ዳክዬ ነው የሚመስለው!»

«ወይኔ ሳተሁት! ና፣ ና አንተ ፈሪ!»

«ዞሬ መጣሁለት! ከኋላው ነኝ! እንካ!»

«እግዚኦ! ከየት መጣ ይሄ ሰይጣን?»

የዲያቆኑ ከረቫት ጆሯቸው ላይ ደርሷል። የፕሩየት መነጽር በጎድን ስብ ደብዝዟል፤ አላስተዋሉትም። ኬልቪን የሚያመውን መንጋጋ በአንድ እጁ፣ የተከበሩትን ኮት በሌላው ይዞ «በግራ! በግራ ጌታዬ!» እያለ ይዘላል። ከጥርስ ሐኪሙ ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሕመምተኞች በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው ያያሉ። ዙሩ ሲያልቅ ሁለቱም እኩል ተነሡ፣ እኩል እጃቸውን አነሡ፣ ሁለቱም ለአሜሪካ ጠላት እንደደመሰሱላት አወጁ። ግራንተም እንዲያውም የፕሩየትን ትከሻ መታ መታ አደረጉና «ዛሬ አብረን ሠራን» አሉ። የማርቫ አንጀት ቅቤ ጠጣ። አለቀ፣ ዳንን አለች በልቧ።

ኦቲስ ነው ያበላሸው። የሠራውን አድንቀውለት ደስታው አላስችል ስላለው «ታዲያ ፍልሚያውን በደንብ ታዩታላችሁ!» ብሎ የሁለቱን ስክሪን ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ለቀቀው። በግራንተም በኩል ግራንተም ያማረ ኮከብና ባንዲራ የለበሰ ወታደር ናቸው፣ ፕሩየት ጭምብላም ጠላት። በፕሩየት በኩል ፕሩየት ወታደር ናቸው፤ ከድልድዩ ሥር እንደ ዳክዬ የሚሮጠው፣ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀው ወሮበላ ደግሞ…

«ያ ማነው?» አሉ ግራንተም።

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ» አለ ኦቲስ በኩራት።

ግራንተም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ጭምብላሙን አፍጥጠው አዩት።

«አየ፣ ይሄ እኮ ነው ዘዴው!» ኦቲስ አላቆመም። «ጨዋታው ሲጀመር ያሠራን ጄኔራል ጠርተውን፣ በሕዝብ ገንዘብ አንድም አሜሪካዊ ጠላት ሆኖ እንዳይጫወት ብለው አዘዙ። በሁለት ወገን ለሚዋጉበት ጨዋታ እንዲህ ያለ ትእዛዝ! ምን አደረግን? ማንም ቢሆን ራሱን ሲያይ የእኛ ወታደር ነው። ጠላት የሚሆነው ማዶ ያለው ሲያየው ብቻ ነው። ስለዚህ ጠላት ሆኖ የሚጫወት ሰው የለም፤ ጠላት ግን ሞልቷል።»

«በእኔ ግብር» አሉ ግራንተም፣ «በእኔ ድምፅ በጸደቀ በጀት፣ እኔን ጭምብል አጥልቃችሁብኝ ድልድይ ሥር ታርመጠምጡኛላችሁ? ኅዳር ላይ ምርጫ አለብኝ! ተፎካካሪዬ ይህን ቢያገኝ ምን እንደሚያደርግበት ታውቃለህ?»

«መልኩስ ይመስላል» አሉ ፕሩየት።

«አንተ ደግሞ ዝም በል፣ እኔ ዘንድ ያንተ ይብሳል!»

ማርቫ ሳቋ አፈናት፤ እንባዋ እየወረደ «ይስተካከላል! አሁኑኑ ይስተካከላል!» አለች። ግራንተም ጠረጴዛውን ደበደቡ፦ በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድም አሜሪካዊ በማንም ስክሪን ላይ ጠላት መስሎ እንዳይታይ! ኦቲስ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ነካካና ጭምብሎቹን በሙሉ አጠፋ። ሁለቱ በቁጣ ተቀምጠው እንደገና ጀመሩ።

ድልድዩ ላይ ሁለት ያማሩ የአሜሪካ ወታደሮች ተገናኙ። ግራንተም መተኮሻውን ተጫኑ፤ የራስ ወገን ላይ አይተኩስም፣ እምቢ አለ። ፕሩየትም ሞከሩ። እምቢ። ተያዩ። ተዟዟሩ። ግራንተም ማማው ላይ ወጥተው ወረዱ። ፕሩየት አንድ በርሜል አገኙና ገፉት።

«ጠላቱ የት ሄደ?» አሉ ግራንተም ቆይተው።

«እርስዎ ነበሩ እኮ ጌታዬ» አለ ኦቲስ።

«ሌላ ጠላት የለም?»

«እሳቸው ነበሩ» አለ ወደ ፕሩየት እየጠቆመ።

ፕሩየት በርሜሏን ወንዝ ውስጥ ከተቱና አዛጉ። ግራንተም በቁና ተነፈሱ። «እንደዚህማ አይሆንም» አሉ። «ጠላቱን መልሱልን።»

«እስማማለሁ» አሉ ፕሩየት፤ ሁለቱም ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ደነገጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ስብሰባ በየትኛውም ምክር ቤት ተደርጎ አይታወቅም። ጥፋቱ የጭምብሉ ነው ተባለ፤ ከጭምብል ሥር ማንም ሊኖር ይችላል፣ ግራንተምም ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ጠላቱ ፊት ይኑረው፣ የሌላ ሰው ፊት፣ ግራንተም አይደሉም የሚያሰኝ። ኦቲስ ፊቶች ማሳየት ጀመረ። ጢማሙ መጣ፤ ፕሩየት ጮሁ፦ «ይሄ የእኔ መራጭ ነው! የእኔ አገር ዳክዬ አዳኝ በሙሉ ጢሙ እንዲህ ነው!» ጠይሙ፣ ቅንድበ ወፍራሙ መጣ። «ይሄማ የልብ ሐኪሜ ቁርጥ ነው» አሉ ግራንተም፣ «ከካራቺ የመጣው። ልቤን በእጁ የያዘን ሰው አላስቀይምም።» ራሰ በራው መጣ፤ ሳጅን ዱፕሪ አስሎ «የሻለቃዬን ወንድም ይመስላል» አለ። የመጣው ሁሉ የአንዱ ዘመድ ወይም የአንዱ ድምፅ ሰጪ ሆነ። ጊዜው እየሄደ ነው፣ የተከበሩት ፊት እየጠቆረ ነው፣ ፑዲንጉም አልቋል።

«የኔን ውሰዱት» አለች ማርቫ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ቀይ ጥቅልል ጠጉር፣ በገመድ የተንጠለጠለ መነጽር።

«የኔን። ማንም አይቀየምም። ባሌ እንኳ አይቀየምም።»

ኦቲስ ካሜራውን አመጣ፣ ነጩን መጋረጃ ዘረጋ። «በይ ተቆጪ» አላት። ማርቫ ሳቀች። «ኧረ ማርቫ፣ በናትሽ! ጠላት ነሽ እኮ!» ባሰባት። ዱፕሪ ጎማ ሲፈነዳብሽ አስቢ አላት፣ ኬልቪን የጥርስ ሕመም አስቢ አላት፤ እሷ መጋረጃውን ይዛ ትንከተከታለች። እንደዚያ እያለች ኦቲስን አየችው። ከካሜራው ኋላ ያለው ሸሚዙ ሚስቱ በችኮላ የተኮሰችው ነው፣ አንገትጌው ተጣሟል። ይህ ሰው ዓርብ ዕቃውን በካርቶን አድርጎ፣ ከሚስቱ ጋር የልጅ ስም ሲያወጡባት ወደነበረችው መኪና ሲሄድ ታያት። ሳቁ ከፊቷ ላይ እልም አለ። ዓይኗ ጠበበ፣ ከንፈሯ ገረጣ፤ ኬልቪን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ኦቲስ አነሣው።

ሙሉ ጡንቻ ባለው የወንበዴ አካል ላይ የማርቫ ፊት ሲገጠም ግራንተም ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አቃታቸው። ፕሩየት ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱ። ማርቫዎች ከድልድዩ ሥር ወጡ፣ ማርቫዎች ከጣሪያ ላይ ወደቁ፣ አንዷ ማርቫ ወንዝ ውስጥ መነጽሯን ይዛ ሰጠመች። አውሮፕላናቸው እስኪያመልጣቸው ተጫወቱ። ሲሄዱ ግራንተም በሩ ላይ ቆመው፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «በጀቱን እናሳልፋለን» አሉ። «ግን የምልሽን ስሚኝ ሴትዮ፣ እስከሚመጣው ጸደይ ያን አንድ ሰው አግኚልኝ። በስሙ። አለዚያ እኔም አላድናችሁም።»

ኦቲስ ማርቫን አንሥቶ አሽከረከራት። ወዲያው ሚስቱ ደወለች፤ ምጥ ይዟታል።

በጋው እንዲህ በደስታ አለፈ። አሜሪካ በሙሉ ማርቫ ላይ ይተኩሳል። ፖስተኛው ደብዳቤ ሲያመጣ እጁን ሽቅብ አንሥቶ ይቆማል። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ወጣቶቹ መዘምራን አግዳሚው ሥር ይወርዳሉ። ባሏም ማታ ማታ ይጫወታል፤ እራት ላይ «ዛሬ አስቸገርሽኝ» ይላታል። ማርቫ አልከፋትም፤ እንዲያውም ወደደችው። ያን አንድ ሰው ግን አላገኘችም። ዱፕሪ ያመጣው ሁሉ አንዱ ለትምህርት ክፍያ፣ አንዱ ከእንጀራ አባቱ ለመሸሽ፣ አንዱ ፍቅረኛው ስለተወችው የገባ ሆነ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ዱባ ስትመርጥ ከፊቷ የነበረ ወጣት ወታደር በቁሙ ተወርውሮ ከዱባው ክምር ጀርባ ተጋደመ። ሰዎች ዞሩ። ልጁ ፊቱ ቀይ ሆኖ፣ ሳቁ እየገነፈለ ተነሣ።

«ይቅርታ እሜቴ! እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም! እርስዎ… እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ» አለች ማርቫ እየሳቀች።

«አያምኑኝም እኮ! እርስዎ ነዎት ያስገቡኝ!» ጉልበቱ የዱባ አቧራ ለብሷል፤ ግድ አልሰጠውም። «እውነቴን ነው። ትምህርት አይሆነኝ፣ ኳስ አይሆነኝ፤ አንድ ወር ሙሉ እርስዎ ላይ ስተኩስ ነው በአንድ ነገር ጎበዝ መሆኔን ያወቅሁት። በነጋታው ሄጄ ፈረምኩ። ሥልጠናዬን ጨርሻለሁ፤ ሰኞ ወደ ኢራቅ እንሄዳለን።»

የማርቫ ልብ ዘለለ። እሱ ነው። ያ አንድ ሰው፣ በእግሩ መጥቶ፣ ዱባ መካከል። ስሙን ጠየቀችው፤ ነገራት፤ አስደገመችው። ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አሥራ ዘጠኝ።

«እናትህ ምን አለች?»

«ታለቅሳለች። እኔ ግን ምንም አልፈራሁም እሜቴ» አለና እጁን ዘርግቶ ከእግሯ እስከ ራሷ ጠቆማት፣ በደስታ እያበራ። «ይኸው ስንቴ ገደልኩዎት፤ ምን ሆኑ? ደህና ነዎት!»

ማርቫ ሳቀች። ልጁም ሳቀ። ፎቶ አብሯት ተነሣ፣ አመሰገናት፣ ለእናቱ የሚሆን ዱባ አስመረጣት፤ ትልቁን መረጠችለት። በብብቱ ይዞት እያፏጨ በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ በጣቱ ተኮሰባትና ወጣ። እሷ ሳቋ አላቆመም። ከመኪናዋ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ መሪውን ይዛ፣ አውሎ ነፋሱ ጣሪያዋን በወሰደው ቀን እንደሳቀችው ሳቀች፤ በስልክ ኦቲስ ሲደውልላት ገና አላቆመችም።

«ዱፕሪ ገበያ አዳራሽ አይቶሻል!» አለ ኦቲስ። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል። «ከአንድ ወታደር ጋር ፎቶ ስትነሺ! በጨዋታው የገባ ነው ብሎ ልጁ ራሱ ለገንዘብ ተቀባይዋ ሲነግራት ሰምቷል! ማርቫ፣ ተገኘ አይደል? በይ ተገኘ በይኝ!»

«ምን ሆነሻል?» አለ ኦቲስ እንደገና። «እየሳቅሽ ነው? በይ ስሙን ንገሪኝ፣ አሁኑኑ ለግራንተም ልደውል! ልጁ ማን ይባላል?»

ማርቫ ዓይኗን ጠረገች። ወታደሩ በማቆሚያው ማዶ ዱባውን ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ እያሰረለት ነው።

«አልጠየቅሁትም» አለች።

ጃሬት ማክኮርድ ይባላል። ሁለት ጊዜ ነግሯት ነበር።